የሁለት አንቀጽ ሊቅ

የእህቴ ባል ታላቅ ሰው መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር ጥርጣሬውን በጽሑፍ አድርጎ ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርብ። የአቤቱታው የመጀመሪያና የመጨረሻ አንቀጽ በጥንቃቄ ተነቦ ተገቢው ምላሽ ይሰጠዋል። መሃሉን የሚያነብለት ግን አያገኝም። ይህ የሚሆነው በስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ በጥናት ነው።

መሥሪያ ቤቱ በየትምህርት ቤቱ ልብ ወለድና ግጥም እንዴት መነበብ እንዳለበት መመሪያ የሚያወጣ፣ የተከበረ፣ ረጅም ኮሪደር ያለው መሥሪያ ቤት ነው። የእህቴ ባል እዚያ የጭብጥ ክፍል ኃላፊ ነው። ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል። እኔ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል ደግሞ እንደ ባልደረቦቹ «ሊቁ» እለዋለሁ።

እሱ ከመሾሙ በፊት የጭብጥ ነገር መረን የወጣ ነበር። አንዱ አስተማሪ ላሟን ስለሸጠች መበለት የሚተርክ ታሪክ ያስነብባል። አንዱ ተማሪ ይነሳና «ጭብጡ ድህነት ነው» ይላል። ሌላዋ «የለም፣ ኩራት ነው፤ ጎረቤት ከምለምን ላሜን ልሽጥ ብላ ነው» ትላለች። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንዱ ቀስ ብሎ «ብቸኝነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምታናግረው እኮ የላትም» ይልና ክፍሉን ጸጥ ያሰኘዋል። አስተማሪው ራሱን አሞት ቤቱ ይገባል። በአንድ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በየፊናው ማሰብ ከጀመረ የፈተና ወረቀት ማን ሊያርም ነው?

ሊቁ መፍትሔውን ያገኘው ፊቱን ሲላጭ ነው ይባላል። ግማሽ ፊቱን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ ወጥቶ ለእህቴ አበሰራት።

«ደራሲ ማለት እንግዳ ማለት ነው» አላት። «ሲመጣ ሰላም ይላል፣ ሲሄድ ደህና ሁኑ ይላል። መሃል ላይ የሚያወራው ጊዜ ለመግፋት ነው። ስለዚህ ጭብጥ ያለው መነሻውና መድረሻው ላይ ነው!»

«ሳሙናው ዐይንህ ውስጥ ሊገባ ነው» አለችው እህቴ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ «የመነሻና መድረሻ ዘዴ» በየትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ማንበብ፣ የመጨረሻውን ማንበብ፣ ሁለቱን ደምሮ ጭብጡን ማውጣት ነው። መሃሉን መነካካት ክልክል ባይሆንም አይመከርም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት በመመሪያው ሽፋን ላይ በትልቁ ታትሟል። የተማሪዎች ውጤት ወዲያው ተመነደገ። ተማሪዎቹ ጊዜ ተረፋቸው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም የመጻሕፍቱን የመሃል ገጾች እየገነጠሉ የተሰበረ መስኮት ለመድፈን አዋሏቸው፤ ሥነ ጽሑፍ ከብርድ ሲከላከል የታየው ያን ጊዜ ነው።

ጥቃቅን እንከኖች አልጠፉም። ጧት ተሳስቀው በጀልባ ወደ ገበያ ስለሄዱ ቤተሰቦች የሚተርክ አንድ ታሪክ አለ። ታሪኩ ሲያልቅ እቃቸውን ሞልተው ቤታቸው ይገባሉ። በዘዴው መሠረት ጭብጡ «የገበያ ጥቅም» ሆኖ ጸደቀ። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች።

«አስተማሪ፣ ትንሹ ልጅ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቶ የለም እንዴ?»

«እሱ መሃል ላይ ነው» አሏት። «ቁጭ በይ።»

ዘዴው እንዲህ ባማረ ሁኔታ ሲሠራ ያዩት ክቡር ዳይሬክተሩ በመጻሕፍት ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ቆጫቸው። ዳይሬክተሩ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ሰፊ ወንበር የሚወዱ፣ ረጅም ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ብዙ ሳይቆይ ሪፖርት በመነሻና መድረሻ ይነበብ ጀመር። ስብሰባም እንደዚያው ሆነ። ሠራተኛው የመክፈቻውን ንግግር ይሰማል፣ በመሃል ያሸልባል፣ «አመሰግናለሁ» ሲባል ነቅቶ ያጨበጭባል። እንዲያ ያለ ጭብጨባ የትም አልሰማሁም፤ ካረፈ እጅ የሚወጣ ጭብጨባ ኃይለኛ ነው።

ሥራውን ቢሮ ትቶ የሚመጣ ሰው ታላቅ አይባልም። ሊቁ ዘዴውን ይዞት ቤቱ ገባ። አንድ ቀን ምሳ ልበላ ሄጄ እህቴ ስታናግረው ሰማሁ።

«ሰማዩ ዛሬም ጠቁሯል። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፣ ፍራሹ በስብሷል፣ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ጥራልኝ ካልኩህ ስንት ጊዜዬ ነው። በል ምሳ ቀርቧል።»

«ገብቶኛል» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ምሳ ቀርቧል። ጭብጡ የዝናብና የጥጋብ ግንኙነት ነው። ውብ ነው።»

እህቴ ወደኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ጆሮው መስሚያ ነው ወይስ የመነጽር ማንጠልጠያ?»

እሷም ብልህ ናትና ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ማምጣት ጀመረች። «ጣሪያው ያፈሳል!» ብላ በሩ ላይ ትቀበለዋለች። ሊቁ ግን ለዚህም መልስ ነበረው። «ጭብጡን ገና ከበሩ የሚዘረግፍ ደራሲ ጀማሪ ነው» ይላታል። «የጣሪያው ጉዳይ ማጀቢያ መሆን አለበት። ሌላ የተደበቀ ነገር አለ።» የተደበቀውን ሲፈልግ ሳምንት ያልፋል፤ ፍራሹም እየበሰበሰ ይቀጥላል።

እስከዚህ ድረስ የረጠበው ፍራሽ ብቻ ስለነበር ሁላችንም እንስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ነገሩ የእህቴ ልጅ ላይ ሲደርስ ነው።

የእህቴ ልጅ ሕንፃ የሚነድፉ ሰዎች ዘንድ ተቀጥራ የምትሠራ፣ እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ የማይጠፋ፣ ሐሳቧን ቁጭ አድርጋ የምትናገር ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ለመሆንም መነሳት ያስፈልጋል፤ እሱ ተቀምጦ የሚውል፣ ሲጠሩት «እ?» የሚል ልጅ ነው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ሊቁን ኮሪደር ላይ አቁመው «ልጆቻችንን እናጋባና መሥሪያ ቤቱን አንድ ቤተሰብ እናድርገው» አሉት። ሊቁ ወደ ቤት የመጣው እየበረረ ነው። ልጁን ሳሎን አስቀምጦ ጠየቃት። እህቴም እኔም ነበርን።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና አንድም ሳትንተባተብ መለሰች።

«አባዬ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን አላገባውም። አልወደውም፤ እሱም አይወደኝም፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ዐይኔን አይቶኝ አያውቅም። የአንተ አለቃ ደስ እንዲላቸው ብዬ ዕድሜዬን አልሰጥም። ብትቆጣኝም ተቆጣኝ፤ ይሄንን አላደርገውም። አንተን ግን ምንጊዜም አከብርሃለሁ።»

የሊቁ ዐይን እንባ አቀረረ። «ልጁ ጨዋ ነው... ምንጊዜም አከብርሃለሁ...» አለ ቀስ ብሎ። «ተባረኪ ልጄ!» ብሎ ግንባሯን ሳማትና ስልኩን አነሳ። «ክቡር ዳይሬክተር፣ እሺ ብላለች!»

እናቷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

በነጋታው እኔ ሽምግልና ገባሁ። ቢሮው ድረስ ሄጄ «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ አልፈለገችም» አልኩት። የመጀመሪያም የመጨረሻም እንዳይኖረው ብዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገርኩት።

በሐዘኔታ አየኝ። «አንተ ችግርህ ምን መሰለህ? ቃል ትይዛለህ። እኔ ጭብጥ ነው የምይዘው።»

«ቃሉ እኮ 'አላገባውም' ነው!»

«ቃል መያዝ የፊደል ቆጣሪ ሥራ ነው። ሥነ ጽሑፍ ከቃል በላይ ነው።»

«ልጅህ እኮ ድርሰት አይደለችም፣ ጋሼ።»

«ከድርሰትም ድርሰት ናት» አለኝ በኩራት። «ደራሲዋ እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ተብሏል። ችግሩ መከራውን የምትቀበለው ልጅቷ መሆኗ ነበር። አዳራሽ ተያዘ፣ የጥሪ ካርድ ታተመ፣ የልብስ ሰፊዋ ሴት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መመላለስ ጀመረች። ልጅቷ «አትለኪኝ፣ ሰርግ የለም» ስትላት ሴትየዋ እየሳቀች «ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው» ትላለች። እህቴ በበኩሏ ባሏን ታስረዳዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ታለቅሳለች። እሱ ለቅሶዋን «የእናት ደስታ» ብሎ ተርጉሞት እሱም አብሯት ያለቅሳል።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ልጅቷ በድንገት ጠየቀችኝ።

«አጎቴ፣ የመሥሪያ ቤታቸው የድርሰት ውድድር መቼ ነው?»

«ደርሷል። ምነው?»

«አሸናፊውን ድርሰት መድረክ ላይ ቆሞ የሚያነበው ማነው?»

«አባትሽ ነዋ። ዋናው ዳኛ እሱ አይደል?»

«ሙሉውን?»

ሙሉውን ነበር። የአሸናፊውን ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ከሊቁ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ኋላ ቀር ስለሆነ እንዲቀር አንድ ሰርኩላር ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ልማዱ መሰረዙ የተጻፈው ሰርኩላሩ መሃል ላይ ስለሆነ ማንም አላየውም።

ልጅቷ እርሳሱን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣች። እኔም ገባኝና፣ አልዋሽም፣ ሳቄ መጣ።

«ማሸነፍ አለብሽ እኮ» አልኳት።

«አባዬን ማሸነፍ ምን ያስቸግራል? ሁለት አንቀጽ ነው» አለችኝ።

ድርሰቶቹ የሚቀርቡት ያለ ስም ስለነበር ሊቁ የማን እንደሆኑ አያውቅም። ሳሎን ተቀምጦ ያርም ነበር፤ የአንዱን ፊት ያያል፣ ጀርባውን ያያል፣ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። እኔና እህቴ አጠገቡ ነን። ድንገት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አገኘሁት! እንዲህ ያለ ድርሰት አይቼ አላውቅም!»

«ስለ ምንድን ነው?» አለች እህቴ።

«ስለ ፀሐይ።»

«ፀሐይ ምን ሆነች?»

«መጀመሪያ ላይ ወጣች። ሠራተኞች በትጋት ወደ ሥራቸው ተሰማሩ። መጨረሻ ላይ ጠለቀች። ሠራተኞች በአንድነት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጭብጡ ትጋትና አንድነት!»

«በመሃል የተጎዳ ሰው የለም?»

«ቢኖርም በትጋት ነው የተጎዳው» አለና ድርሰቱን ደረቱ ላይ አደረገው።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዳይሬክተሩ ከፊት፣ ልጃቸው ከጎናቸው፣ የሴት ወገን ተብለን እኛም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደረደርን። በዝግጅቱ ማብቂያ ዳይሬክተሩ የልጆቹን ጋብቻ በይፋ ሊያበስሩ ሽር ጉድ እያሉ ነው። ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ይኼ ካልሠራ ሌላ የምንሠራው አልነበረንም።

ሊቁ መነጽሩን አደረገና በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ ጀመረ። ፀሐይ ወጣች። ሠራተኞች ተሰማሩ። አንቀጹ ሲያልቅ አዳራሹ በለመደው ሥርዓት ወደኋላ ደገፍ ደገፍ አለ። ከፊት ረድፍ የመጀመሪያው ማንኮራፋት ተሰማ። ሊቁም ገጹን ገለጠና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ድርሰት መሃል ገባ።

«በዚያች ከተማ አንድ አናጢ ነበር» ብሎ አነበበ። «አናጢው ሳንቃ የሚመርጠው ሁለቱን ጫፎቹን ብቻ አይቶ ነው። ጫፎቹ ካማሩ ያመሰግነዋል፣ ይገዛዋል። አንድ ቀን ከደጁ በሚያልፈው ጥልቅ ቦይ ላይ አንድ የሚያምር ሳንቃ ዘረጋ። እሱ ከወዲያ ማዶ ሆነ፣ ልጁ ከወዲህ ማዶ ቀረች። ልጅቷ ሳንቃውን እያየች 'አባዬ፣ መሃሉ ተሰንጥቋል፣ ብሻገር እወድቃለሁ፣ እባክህ አትጥራኝ፣ አባዬ' አለችው።»

እዚህ ላይ ቆመ። ውሃ ጎንጨት አለ። መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«አናጢው ግን የሰማው መጀመሪያ ላይ 'አባዬ' ስትለው፣ መጨረሻም ላይ 'አባዬ' ስትለው ነው። ሁለት ጊዜ አባዬ መባሉ ደስ አሰኝቶት እጆቹን ዘረጋና 'ነይ!' አላት። እሷ እንደገና ነገረችው። እሱም እንደገና 'ነይ!' አላት። ጎረቤቶች ነገሩት፤ 'እናንተ ስለ እንጨት ምን ታውቃላችሁ?' አላቸው። ልጅቷ አባቷን ትወደዋለች። ብትሻገር ትወድቃለች፤ ባትሻገር አባቷ እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። አንድ እግሯን አነሳች...»

ሊቁ ወረቀቱን አጠፈው። የፀሐይዋን መጥለቅ አላነበበም። ወደ ሁለተኛው ረድፍ አየ፣ ልጁን አየ፣ ልጅቷም ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ የማን ድርሰት እንደሆነ ገባው። እኔ ብዙ ስቄበታለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አንጀቴን በላኝ።

ንግግር አደረገ። መቼም የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና በፕሮቶኮሉ ነው የጀመረው።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ በዚህ ታላቅ ቀን በመካከላችሁ ተገኝቼ ንግግር ሳደርግ ከፍተኛ ደስታ ይሰማኛል።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ለዚህ ድርሰት ጭብጥ አውጥቼለት ነበር። ትጋትና አንድነት ብዬ። አፈርኩ። ድርሰቱ የሚያወራው ስለ ሳንቃ ነው፤ የሚለው ግን ሌላ ነው። የሚለው፣ ዳር ዳሩን አይቶ ያወቀ የሚመስለው ሰው ልጁን መሃል ላይ ይጥላል ነው። ይህንን በየትኛው አንቀጽ እንደጻፈችው ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሁሉም ውስጥ አለ። ሁሉንም ሳልሄድበት ላገኘው አልችልም ነበር። ያቺ የገበያ ታሪክም የሰጠመው ልጅ ታሪክ ናት። ለዓመታት ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው። አናጢው እኔ ነኝ። ልጄ አላገባም ብላኛለች፣ በግልጽ ነግራኛለች፣ እኔ አልሰማሁም። ሰርጉ ቀርቷል። ልጄ፣ ይቅር በይኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልማድም መልሶ ያዘው። «በጥሞና ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።»

«አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል አዳራሹን ቀሰቀሰው። ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አንዳንዱ ያፏጫል፣ አንዳንዱ ዐይኑን እያሸ «ድንቅ ነው!» ይላል። ዳይሬክተሩ መድረኩ ላይ ወጥተው ሊቁን አቀፉት።

«ከፍተኛ ደስታ ይሰማኛል፤ ከልብ አመሰግናለሁ» አሉ ድምፅ ማጉያውን ይዘው። «የሙሽሪት አባት ደስታውን እንዲህ ባማረ ቋንቋ ስለገለጸ እኛም እናመሰግናለን። ሰርጉ በወጣለት ቀን ይከናወናል!»

«ኧረ አይደለም፣ ክቡር ዳይሬክተር!» አለ ሊቁ። «መሃል ላይ ሰርጉ ቀርቷል ብያለሁ እኮ!»

ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን በእጃቸው ሸፈን አድርገው ቆጣ አሉ። «መሃል ላይ? አንተ፣ መሃሉ ጊዜ ለመግፋት ነው ያለን ማን ሆነና ነው? እኔ አንተ ባስተማርከኝ ነው የሰማሁህ!»

ሊቁ ወረቀቱን ይዞ ከመድረኩ ወረደ። ክርክሩ የራሱ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ልጅቷ ክንዱን ያዘችው። «አባዬ፣ እኔ ሰምቼሃለሁ። ከዳር እስከ ዳር» አለችው። እሱ መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እህቴም አብራው አለቀሰች፤ ያንን ለቅሶ ግን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ልጅቷን ሙሽራ ከመሆን ያዳናት አባቷ መስማቱ ነው፤ ይህንን በደስታ እናገራለሁ። ዓለሙን ከሰርጉ ማዳን ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

ሊቁ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባ። «እንደምን አደሩ» አላቸው፣ ሁሉንም አስረዳቸው፣ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ወጣ። ዳይሬክተሩ ለጸሐፊያቸው «ሰላም ሊለኝ ነው የመጣው፤ እንዴት ያለ ጨዋ ነው» አሏት። ቀጥሎ «ልጄ ልጅዎን አታገባም» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ላከ። ወረቀቱ «መነሻና መድረሻ የሌለው ስለሆነ ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። የዳይሬክተሩ ልጅ ራሱ፣ ይህን ለክብሩ ልመሰክርለት ይገባል፣ «አባባ፣ እኔም እኮ አልፈልግም፣ አባባ» ብሏቸው ነበር አሉ። እሳቸው ተደስተው ራሱን ዳበሱት።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ልጅቷ እንደማንኛውም ቀን እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ ሰክታ ሥራዋ ሄደች። በአበባ የተንቆጠቆጡ መኪናዎች እየጮሁ የእህቴ ደጅ ሲደርሱ ሊቁ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሙሽራው አልደረሰም። ከሰልፉ መሃል ባለው መኪና ስለነበር አንድ መታጠፊያ ጋ ወርዶ ኳስ ሊያይ ሲሄድ ያስተዋለው የለም።

ሊቁ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! እዚህ ሙሽራ የለችም፤ ሰርግ የለም፤ ቀርቷል ብዬ ለክቡር ዳይሬክተሩ ነግሬያቸዋለሁ። በሰላም ግቡ!»

እልልታው ሰማይ ደረሰ። «እንኳን ደህና መጣችሁ አለን! በሰላም ግቡ አለን! እንዴት ያለ አማች ነው!» እያሉ እየተጋፉ አብረውት ፎቶ ተነሱ። ከዚያም ወደ አዳራሹ ሄደው በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። የክብር ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸውን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ወንበሮቹ መሃል ላይ ነበሩ። ሲመሽ ሁሉም በአንድነት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ሰርጉ በደመቀ ሁኔታ ተጀምሮ በደመቀ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ሊቁ አሁን በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ልጆች ሙሉውን እንዲያነቡ ይለምናል። አንዳንድ ቦታ ይሰሙታል። መስኮት ከደፈኑት ገጾች የተረፉትንም እየለቀመ ወደ መጻሕፍታቸው ይመልሳል። የመኝታ ቤቱ ጣሪያም ተሠርቷል።

ባለፈው ሰሞን ቢሮው ልጠይቀው ሄጄ አብረን ስንወጣ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ አገኙን። ፊታቸው በራ።

«ልጆቻችን እንዴት ናቸው?» አሉት።

ሊቁ ተስፋ አይቆርጥም፤ አሁንም ከዳር እስከ ዳር ይመልሳል።

«ደህና ናቸው፣ ክቡር ዳይሬክተር። አልተጋቡም፤ ተጋብተውም አያውቁም፤ የእርስዎ ልጅ የት እንዳለ እኔ አላውቅም፤ የኔዋ ቤቴ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ተመስገን!» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «እንግዲህ የልጅ ልጅ ሲመጣ ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ።»